ጥርስ የሌለው ዝሆን

ቋ... ቋ... ቋ... ድምፁ የሚመጣው ከደረጃው ሥር፣ ከጨለማው ውስጥ ነው። ምያት ኖ እርሳሷን እንደያዘች ቆመች። ጓደኛዋ ዛርሊ፣ መንፈስ ነው ብላ ልታስፈራራት ሞከረች።

ብቅ ያሉት ግን የያንጎን ከተማው አሮጌ ቀይ ሕንፃ ጥበቃ፣ ኡ ፖ ህላይን ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ እንዳደረጉት፣ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ የላላ ልስን ይፈልጋሉ።

ሁለቱ ልጆች የመጡት ስለ ሕንፃው ለሚደረገው የዓርብ የጽሑፍ ውድድር ሊዘጋጁ ነበር። ሕንፃው ታድሶ ሲከፈት እንግዶቹን የሚያስጎበኝ አንድ ተማሪ ይመረጣል። ለምያት ኖ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአውቶቡስ መስኮት፣ አንገቷ እስኪጣመም ስታየው የኖረችው ሕንፃ ነው። በመርከብ የመጡትን የብረት ምሰሶዎች ቆጥራለች። የሚያዝያ ሙቀት ያንጎንን ሲቀቅላት ኮሪደሩ ለምን እንደሚቀዘቅዝም ደርሳበታለች፤ የወንዙ ነፋስ በወለሉ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ገብቶ በጣሪያው ይወጣል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ሳያቋርጧት አዳመጡ። ከዚያ ከደረጃው ሥር አንድ ሳንቃ አነሡ።

ጡቦቹ ላይ እንስሳት ተጭረዋል። ነብር፣ አንበሳ፣ አይጥ፣ ዘንዶ፤ ግድግዳው ሙሉ።

ዛርሊ አንዱን ዝሆን እየጠቆመች፣ «ይሄን የሣለው ሰነፍ ነው። ጥርሱን ረስቶታል» አለች።

«አልረሳም» አለች ምያት ኖ። በአገሩ ልማድ እያንዳንዱ የልደት ቀን የራሱ እንስሳ አለው፤ ጥርስ የሌለው ዝሆን የረቡዕ ከሰዓት ልጅ ነው። ነብሩ የሰኞ፣ አንበሳው የማክሰኞ። ፊደል ያልቆጠሩት ግንበኞች በስማቸው ፋንታ የተወለዱበትን ቀን እንስሳ ጭረው ሄደዋል።

ሽማግሌው ዝሆኑን በመዳፋቸው ሸፈኑት። የጫሩት አያታቸው ነበሩ። አዳሾች በመጡ ቁጥር ሳንቃውን እየመለሱ፣ እዚህ ምንም የለም እያሉ ሸኝተዋል።

«እንዳትጽፊው፣ ልጄ» አሉ። «ያየው ሁሉ የራሱን ስም ካልጨመረበት አይሄድም።»

«እሺ፣ አባባ።»

መንገድ ላይ ዛርሊ ወተወተቻት። «አብደሻል እንዴ? ይሄን ካወራሽ እኮ ማንም አይደርስብሽም። ያ ተወዳዳሪሽ፣ ጉረኛው ዚን ኮ ደረቱን ነፍቶ ሲያስጎበኝሽ ልታዪ ነው?» ያን ምሽት ምያት ኖ ሁለት ጽሑፍ አዘጋጀች፤ አንዱ እንስሳቱ ያሉበት፣ አንዱ የሌሉበት።

ዓርብ በሕንፃው ትልቅ አዳራሽ ተራዋ ሲደርስ ሁለቱንም ይዛ ነበር። እንስሳት የሌሉበትን አነበበች። ስለ ነፋሱ መንገድ ስታነብ ዳኞቹ ሳያስቡት ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ግሩም ነው» አሉ ሰብሳቢዋ። «አንድ ጥያቄ ብቻ። መሐንዲሱን ሁላችሁም ጠርታችሁልናል። ጡቦቹን የደረደሩትስ እነማን ነበሩ? እስካሁን የመለሰልን የለም።»

ዛርሊ ከኋላ ወንበር ላይ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ኡ ፖ ህላይን በሩ አጠገብ ቆመው ወለሉን ያያሉ።

ምያት ኖ ሁለተኛውን ወረቀት አወጣች። ዳኞቹ ብዕራቸውን አነሡ። ወረቀቱን አንድ ጊዜ አጠፈችው፤ ደግማ አጠፈችው። ከዚያ እጅ ነሥታ፣ በሽማግሌው አጠገብ አልፋ ወጣች።

ሰብሳቢዋ «ልጄ፣ መልሱስ?» ሲሉ፣ ደረጃውን እየወረደች ነበር።