ግብጦና የውሻ ሆድ

አምደሚካኤል ሮብ ገበያ አጠገብ ባለው ቤቱ ደጅ፣ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ የተገኘው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መንደሩ ፈርዶ ጨረሰ። ሚስቱ አመተ ሥላሴ በደንብ ያልታጠበ ግብጦ አብልታ ገድላዋለች ተባለ፤ ሬሳው አጠገብ እንዳትደርስም ተከለከለች።

ምክትል ኢንስፔክተር ሥራነሽ አንድ ፖሊስ አስከትላ ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ አመተ ሥላሴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም።

«ግብጦውን ስንት ቀን ዘፈዘፍሽው?»

«ቆልቼ፣ በጆንያ አድርጌ፣ ወንዝ ውስጥ ሰባት ቀን። ምሬቱ እስኪለቅ።»

«አብረን ነው ያወጣነው» አለች ጎረቤቷ የኔአለም። «እኔም በልቻለሁ፤ ይኸው ቆሜያለሁ።»

«ጓደኛዋ አይደለሽ? ምን ትበይ!» አለ ባዘዘው። ባዘዘው የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከደብረ ኤልያስ የመጣው ትናንት ነበር። «ውሻው እንኳ የተረፈውን ግብጦ በልቶ ይኸው ሊሞት ነው!»

ውሻው ግድግዳው ሥር ተዘርሯል። ሥራነሽ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት የእንስሳት ጤና ተምራለች። ተንበርክካ ጆሮዋን ሆዱ ላይ አስጠጋች። ሳታስጠጋም ይሰማ ነበር፤ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። ለሐጩ መሬቱን አርሶታል፤ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ያስመለሰውን በእንጨት ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ከዚያ ቁራሽ እንጀራ አቀረበችለት፤ አሽትቶ ፊቱን አዞረ።

«ስሙ ማን ነው?»

«አልለቅም» አለች አመተ ሥላሴ።

የኔአለም ጣልቃ ገባች። «ባዘዘው መሬቱን ልቀቁልኝ ባለ ማግስት ያወጣችለት ነው። እሱ በመጣ ቁጥር ውሻውን ድምጿን ከፍ አድርጋ ትጠራለች። ዛሬም ከሁሉ ቀድሞ ግብጦ ነው ያለ እሱ ነው።»

«ቤት ውስጥ በሶ አለ?» አለች ሥራነሽ ወደ አመተ ሥላሴ ዞራ።

«የለም፤ ገብሱ ገና አልተቆላም።»

«አቶ ባዘዘው፣ እርስዎስ?»

«ስንቄን መንገድ ላይ ጨረስሁ።»

ሥራነሽ አጥሩ ላይ የተሰቀለውን የስንቅ ስልቻውን አየች። ውኃ ይንጠባጠባል።

ውሻውን ወደ ወረዳው የእንስሳት ሐኪም ከላከች በኋላ የመንደሩን ሽማግሌዎች፣ የኔአለምን፣ ባዘዘውንና አመተ ሥላሴን ደጁ ላይ ሰበሰበች።

«ያልታጠበ ግብጦ አፍ ያደርቃል፤ ብሌን ያሰፋል፤ አንጀትንም ያስተኛል። ውሻው በግብጦ ታሞ ቢሆን ሆዱ ዝም ባለ ነበር። የእሱ ግን ይጮኻል፤ ምራቁ ይፈሳል፤ ብሌኑም ጠቧል። ይህ የተባይ መድኃኒት ምልክት ነው።»

«የውሻ ሆድ ሲርበውም ይጮኻል!» አለ ባዘዘው።

«ይጮኻል። የተራበ ውሻ ግን ቁራሽ አይንቅም። ደግሞም ካስመለሰው ውስጥ አንዲት የግብጦ ፍሬ የለችም፤ በሶ ነው። ከሟቹ እጅ የወደቀውን ለቅሟል። በዚህ ቤት በሶ የለም፤ ስንቅ ይዞ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስንቅዎ መንገድ ላይ ካለቀ ስልቻውን ለምን አጠቡት?»

«ቢቆሽሽስ?»

አንድ ሽማግሌ ሳቁ አመለጠው። «አንተ ሰውዬ! የበሶ ስልቻ ይራገፋል እንጂ ይታጠባል? ቆዳው ደርቆ ሊሰነጠቅ!»

«መበለቲቱ ገዳይ ከተባለች መሬቱ ለወንድም ይቀራል» አለች ሥራነሽ። «ለዚህ ነው ከሁሉ ቀድመው ግብጦ ያሉት። የቀረውን የላቦራቶሪ ምርመራ ይነግረናል፤ ስልቻውንም ሬሳውንም እንወስዳለን።»

እስከ ዛሬ ጋሼ ስትለው የኖረችው አመተ ሥላሴ ወደ ባዘዘው ተራመደች።

«አንተ። በእጅህ አጎረስኸው?»

ባዘዘው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ፖሊሱ እጁን ያዘው።

ሬሳው የፖሊስ ፒክአፕ መኪና ላይ ሲጫን ሽማግሌው «አንቺ ቅሪ፤ ከሴቶቹ ጋር አልቅሺ» አላት።

«ከጠዋት ጀምሮ ከልክላችሁኛል። ይበቃችኋል።»

መኪናው ላይ ወጥታ ከራስጌው ተቀመጠች። የኔአለም እግሯን ይዛ «ኧረ እንባሽን አውጪው፤ ይጎዳሻል» አለቻት።

«አወጣዋለሁ። ለእሱ ነው፤ ለእነዚህ አላሳይም።»

የተገለጠ እግሩን በጋቢው ሸፈነችና የመኪናውን ጣሪያ በእጇ መታች።

«ንዳ!»