የዑምኩልሱም ካርድ

ወላሂ፣ ይህን ያየሁት በሁለት ዓይኔ ነው። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፣ የተጻፈ አነባለሁ። አርጅታ ተሳስታ ነው የሚለኝ ካለ፣ ካርዱ እኔ ዘንድ አለ።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ፀሐይ ወጥታ። ቦታው ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ተራራ ሥር ያለው መንደራችን።

ጤና ጣቢያው ሩቅ ስለሆነ በየወሩ አንድ የክሊኒክ መኪና ይመጣልናል። መስጊዱ አጠገብ ይቆማል። የሕፃናቱን ሚዛን ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል... እግር ማስገቢያ ያለው ሰማያዊ ቁምጣ ነው። ሕፃኑ እዚያ ውስጥ ገብቶ ተንጠልጥሎ ይመዘናል።

የልጅ ልጄ ሂዳያ ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። እናቷ ሀውራ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። አደራ ብላኝ ነው የሄደችው።

ሀውራ ከሂዳያ በፊት ሌላ ወልዳ ነበር። ዑምኩልሱም። በስምንት ወሯ ወደ አኺራ ሄደች። አጥቤ የከፈንኳት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ፈራሁ። በሰው ፊት ልጅ ሰቅሎ ኪሎዋን ጮክ ብሎ መጥራት... ዓይን የሚባል ነገር አለ። እኛ አገር የልጅ ስም መደበቅ አዲስ አይደለም።

መጀመሪያ የሄድን ቀን ነርሱ ኢምራን፣ "እማማ፣ የልጅቷ ስም ማነው?" አለኝ።

"ዑምኩልሱም" አልኩት።

የሞተን ማን ይበላዋል ብዬ ነው።

ሰባት ኪሎ ሆነች። ጻፈው። ካርድ እየጠፋ ስላስቸገራቸው የሁሉንም እዚያው መኪናው ውስጥ ያስቀምጡታል።

ከዚያ ጉልበቴን አመመኝና ሁለት ወር ቀረሁ። ሂዳያም ከቤት አልወጣችም።

ትበላለች። ትስቃለች። ግን ሳዝላት በጣም ቀለለችኝ፣ ጀርባዬ ላይ ያለች አልመስል አለችኝ።

ለዚህ ነው ያን ማክሰኞ የወጣሁት። ፊቷን በነጠላ ሸፍኜ ተሰለፍኩ።

"እማ ሀጀራ፣ ልጅ ነው ወይስ የተሰረቀ ማር?" አለችኝ ጎረቤቴ ሰሚሃ። "ይግለጧትና አየር ታግኝ እንጂ!"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ተራችን ደረሰ። ኢምራን ካርዱን አውጥቶ ፈገግ አለ።

"ማሻአላህ እማማ። ስምንት ተኩል... ከዚያ ዘጠኝ።"

"ምኑ?"

"ኪሎዋ ነዋ። ያለፉት ሁለት ወራት።"

"እኛ አልመጣንም።"

ካርዱን ሰጠኝ። የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው። ቀኑም አለ።

"ማን አመጣት?" አልኩት።

ኢምራን ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ጸዳለ ዞሮ ተመለከተ። ጸዳለ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"አንቱ ያመጧት መስሎን ነበር... ዘወር ስንል ሚዛኑ ላይ ነበረች።"

"ምን ለብሳ?"

"ነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ። ዝም ያለች ልጅ ናት። እጇ ይቀዘቅዛል።"

"ሁለቴም?"

"ሁለቴም።"

አልጮህኩም። ካርዱ ላይ ያለውን ስም በጣቴ አሳየሁት።

"ያንን ስም ሰርዝልኝ" አልኩት። "ይህች ሂዳያ ናት። ያቺ ሞታለች።"

ኢምራን ካርዱን ተቀበለኝ። ከዚያ ስሙን ሰረዘው። ሂዳያ ብሎ ጽፎ ካርዱን መለሰልኝ።

"በሉ... እንመዝናትና እንይ።"

ሂዳያን ቁምጣው ውስጥ አስገባት። ለቀቃት።

የሚዛኑ ጠቋሚ ዜሮ ላይ ነው።

ሚዛኑን መታ መታ አደረገው። አወረዳትና የመድኃኒት ቦርሳውን ሰቀለ። አራት ኪሎ። ሚዛኑ ደህና ነው።

ሂዳያን መልሶ ሰቀላት።

ዜሮ።

ጣቴን ይዛ ትስቃለች። እጇ ትኩስ ነው። በሕይወት አለች... ትንፋሿ ይሰማኛል።

"አውርዳት" አልኩት በሹክሹክታ።

"እማማ..."

"አውርዳት አልኩህ!"

አውጥቶ ሰጠኝ። ደረቴ ላይ ለጠፍኳት።

ያኔ ጠቋሚው ተንቀሳቀሰ።

ሁለት... አምስት... ዘጠኝ...

ዘጠኝ ተኩል ላይ ቆመ።

የሚስቅ የለም። ሰሚሃ አፏን በሻሿ ያዘች።

ባዶው ቁምጣ ወደ ታች ተለጥጧል። እግር ማስገቢያዎቹ ሞልተው ክብ ሆነዋል። ነፋስ የለም። ቀስ እያለ... ወደ እኛ ዞረ።

ሂዳያ እቅፌ ውስጥ ሆና ሁለቱንም እጆቿን ወደዚያ ዘረጋች።