ስክሪኑ «ውሃ አለ» ሲል

«ምልክት የሚሰጠው ሳያይ ቢሰጥስ?»

ሀዊ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ወርቄ ከጎልማሶች ትምህርት ያመጣችውን ፊደል ደብተሯ ላይ እየገለበጠች ነበር። አሁን ግን እርሳሱን አስቀምጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ባልዲዎችና በመካከላቸው ያለችውን ትንሽ የውሃ ሞተር በስጋት ታያለች።

«እማዬ፣ ነገርኩሽ እኮ። ፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ ትሬድ ይባላሉ። የሱሃይላ ትሬድ የታችኛውን ባልዲ ይለካል፤ ውሃ ካለ ምልክት ይሰጣል። የእኔ ደግሞ ምልክቱ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሲመጣ ሞተሩን ያስነሳል። ሳያይማ አይሰጥም።»

«የግቢያችን ሞተር የተቃጠለውም እኮ ‹ውሃ አለ› ተብሎ ነው» አለች ወርቄ። «ማን እንዳየ እስከ ዛሬ አልታወቀም።»

ሀዊ ሳቀች። የክፍል ጓደኛዋን የሱሃይላን ኮድ ግን አንድም ቀን ከፍታ አላየችውም። «ጨረስሽ?» ብላ ጠይቃታለች፣ «ጨርሻለሁ» ብላታለች፤ በቃ።

ሰኞ ዕለት በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ሙከራው ያለ እንከን አለፈ። ስክሪኑ «ውሃ አለ» አለ፤ ሞተሯ ውሃውን ወደ ላይኛው ባልዲ ገፋችው።

«ጎበዞች!» አላቸው መምህር ኪዳነወልድ። «ነገ ክፍሉ ፊት ታሳያላችሁ። ሐሙስ ከትምህርት ቤቱ ሞተር ጋር እናገናኘዋለን፤ ዓርብ ደግሞ ቢሾፍቱ፣ ኤግዚቢሽን!»

መምህሩ ሲወጣ ሀዊ የታችኛውን ባልዲ ደጅ ደፍታ ተመለሰች። የእናቷ ጥያቄ ትዝ ያላት ያኔ ነው። ባዶውን ባልዲ ቦታው አስቀምጣ ፕሮግራሙን አስነሳችው።

ስክሪኑ «ውሃ አለ» አለ። ሞተሯ አየር እየሳበች በደረቁ አንቋረረች። ሀዊ ገመዱን ነቀለችው።

የሱሃይላን ክፍል ከፈተች። መለኪያው መነበብ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። የመጀመሪያው መስመር፣ ምንም ሳይለካ፣ ምልክቱን ይሰጣል።

«ሱሃይላ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ሱሃይላ ስክሪኑን አየት አድርጋ ቦርሳዋን መዝጋት ቀጠለች። «አቦ አታካብጂ! ዓርብ ባልዲው ሙሉ ነው የሚሆነው።»

«ሐሙስስ? ቢቃጠል እኮ ትምህርት ቤቱ ሙሉ ያለ ውሃ ሊቀር ነው። በዚህ ሙቀት!»

«ስንመለስ አስተካክለዋለሁ፣ ወላሂ። የመለኪያው ቁጥር እየዘለለ አስቸገረኝ። ምልክት በማይመጣ ቁጥር ያንቺ ትሬድ ደርቆ ይቀራል። አንቺ ደግሞ በየቀኑ ‹ጨረስሽ? ጨረስሽ?› ትዪኛለሽ። ምን ልበልሽ?» ድምጿ ዝቅ አለ። «አባዬ ስንቴ ለምኜው ነው የፈቀደልኝ። ከክፍል ልጆች ጋር ከአዳማ ወጥቼ አላውቅም። በናትሽ ዝም በይ።»

ሀዊ ዓይኗን ከመስመሩ ላይ አላነሳችም።

«ፋራ አትሁኚ» አለች ሱሃይላ፤ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

ሀዊ ብቻዋን ቀረች። መስመሩን ብታጠፋው የራሷ ክፍል ያለ ማቆሚያ ይጠብቃል፤ እንደዚያ አድርጋ የጻፈችው ራሷ ናት። ምልክቱ ባይመጣስ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

የሐሰቱን መስመር አጠፋችው። በራሷ ክፍል ደግሞ ለመጠበቂያው የጊዜ ገደብ አበጀችለት። ጊዜው ሲያልቅ ምልክት ካልመጣ ሞተሩ አይነሳም፤ ስክሪኑም ይህንኑ ይናገራል። ከዚያ ለሱሃይላ በቴሌግራም «አጥፍቼዋለሁ። ነገ በጠዋት ነይና አብረን እንሞክር» ብላ ጻፈችላት።

ሱሃይላ አንብባዋለች። መልስ ግን አልላከችም፤ በጠዋትም አልመጣችም።

ማክሰኞ ባልዲው ሞልቶ፣ ክፍሉ ሁሉ ከቦ፣ መምህር ኪዳነወልድ ፕሮግራሙን አስነሳው። ሞተሯ ዝም አለች። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ላይ «ምልክት አልመጣም። ሞተሩ አይነሳም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ቢሾፍቱ ሄዳችሁ ባልዲ ልታሳዩ ነው?» አለ ሰይፈሚካኤል ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

«የመለኪያው ክፍል የማን ነው?» አለ መምህሩ።

ሀዊ ኪቦርዱን ብቻ አየች።

«የእኔ ነው፣ ቲቸር» አለች ሱሃይላ ከበሩ አጠገብ። «ጨርሻለሁ ያልኩት ውሸት ነው። አላለቀም።»

መምህሩ የሞተሯን ገመድ ነቀለ። «እንግዲያው የሐሙሱ ይቆይ። መጠበቂያው ግን ሥራውን ሠርቷል። ሀዊ፣ እሱን ይዘሽ ትሄጃለሽ። የጉዞው ሁለተኛ ቦታ ለሰይፈሚካኤል ይሁን።»

ሱሃይላ እስከ ዓርብ ድረስ ሀዊን አላነጋገረቻትም።

ዓርብ ጠዋት ሚኒባሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ወርቄ ዳቦ በፌስታል ይዛ መጥታለች። «ሞጆ ስትደርሱ ደውዪልኝ፣ ሀዊ ኮ፣ የኔ ልጅ። ቢሾፍቱም ስትደርሱ። መስኮት አጠገብ አትቀመጪ፤ ንፋስ ነው። ግን ለምን አትገቢም?»

«ሾፌሩ እስኪያስነሳ ብቻ ልጠብቅ፣ እማዬ።»

ሱሃይላ ከቧንቧው በኩል ብቅ አለች። የያዘችው ባልዲ እየተፈናጠቀ ቀሚሷን አርሶታል። ሀዊ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ቁጥሩ አሁንም ይዘላል» አለች ባልዲውን እያየች። «ግን ለምን እንደሚዘል ያገኘሁት ይመስለኛል።»

«ጨረስሽ?» አለች ሀዊ፤ ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች።

ሱሃይላ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። «መጀመሪያ ልየዋ!»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ሀዊ ገባች፤ መስኮት አጠገብም ተቀመጠች። ሚኒባሱ ወደ ቢሾፍቱ ሄደ። ሱሃይላ ባልዲዋን ይዛ ቀረች።