ዳዊት አንባቢውና የጀማሪዎች መጽሐፍ

ዲያቆን ቀለሙ መዝሙረ ዳዊት ሲያነብ ሰው ሥራውን ያቆም ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጀምርና፣ አንድ ቃል ሳይውጥ፣ አንድ ፊደል ሳያዛንፍ ቀስ በቀስ እየወረደ ይዘልቀዋል። ደሴ ውስጥ ባደገበት ደብር ከእኩዮቹ መካከል እንደ እሱ የሚያነብ አልነበረም። ያ ሁሉ ንባብ ምን እንደሚል ግን አያውቅም።

ይህ በእሱ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። በዚያ ዘመን አንድ ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ድቁና ተቀብሎ፣ ግዕዙን እንደ ውኃ እያንቆረቆረ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ትርጓሜው ሌላ መምህር ዘንድ ተሂዶ ዓመታት የሚፈጅ ሌላ ትምህርት ነው። ቀለሙ አባቱ ሲሞቱ ንባብ ላይ አቁሞ ወደ እናቱ ተመለሰ። ትርጉሙን የጠየቀው ሰው ስላልነበረ አላፈረበትም። ሥርጉት እስክትጠይቀው ድረስ።

ጣሊያን ደሴ በገባ በሁለተኛው ዓመት ኮምቦልቻ ውስጥ ብሩ የሚባሉ የበቅሎ ነጋዴ በወባ ሞቱ። ባለቤታቸው እመት አትጠገብ በየቅዳሜው ለነፍሳቸው ዳዊት እንዲደገም ፈለጉና ቀለሙ ተላከላቸው። ቅዳሜ ጧት ከደሴ ብርድ ይነሣና፣ ሲቀናው በካሚዮን ጭነት ላይ፣ ሳይቀናው በእግሩ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ አጣጥፎ ከኮምቦልቻ ሙቀት ይገባል። እናትየው በማዕዘኑ መደብ ላይ፣ አንዲቷ ልጃቸው ሥርጉት ደግሞ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የአባቷን የጭነት ጆንያዎች በወስፌ እየሰፋች ያዳምጡታል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ወስፌዋን አቆመች።

«ዲያቆን፣ አሁን ያነበቡት ምን ማለት ነው?»

ቀለሙ ቀና አለ። ዓይኖቿ በለቅሶ ቀልተዋል፤ የምትጠይቀው ለወግ እንዳልሆነ ያስታውቃል። አላውቅም ማለት ነበረበት። አፉ ግን ቀደመው።

«እግዚአብሔር ያዘነችን ነፍስ አይረሳም ማለት ነው።»

አባቷ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ ወደ ጆንያዋ ተመለሰች። ቀለሙን ያጠፋው ያ ፈገግታ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ትጠይቀዋለች፤ እሱም ከአማርኛ የሚመስሉትን ሁለት ሦስት ቃላት ይለቅምና የቀረውን ከልቡ ይሞላዋል። እሷ የነገራትን ሁሉ ይዛ ወደ ቦርከና ወንዝ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ለጓደኞቿ ታወራለች። ቀለሙ ይህን ሲሰማ ጆሮው ድረስ ይቀላል፤ ሳምንቱ ግን አልገፋ ይለዋል።

በዚህ መካከል በላቸው የተባለ የሐርቡ ገበሬ ለሥርጉት ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። ሚስቱ የሞተችበት፣ በሬና መሬት ያለው፣ ማንም ክፉ የማያወራበት ሰው ነበር። እናትየው ልባቸው ወደዚያው አድልቷል። ያን ቅዳሜ ቀለሙ ሲያነብ ሥርጉት መሀል ላይ አስቆመችው።

«ስለ ሴት ልጅ ይላል አይደል? የአባት ቤትም ሲሉ ሰማሁ። ልጅቱን ምን ይላታል?»

ስሚ የሚለውን፣ ልጄ የሚለውን፣ የአባትሽ ቤት የሚለውን ያውቃል። የቀረውን አያውቅም። ፊቷን አየ፤ ሐርቡን አሰበ።

«‹ልጄ ሆይ ስሚ፣ የአባትሽን ቤት አትተዪ› ይላታል።»

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሥርጉት ከእናቷ ኋላ ቆማ፣ ዳዊት ራሱ የአባትሽን ቤት አትተዪ ይላል፣ አልሄድም አለች። ከእሷ ጋር ይከራከሩ ነበር፤ ከዳዊት ጋር ግን እንዴት ይከራከራሉ? ተነሥተው ሄዱ። እናትየው ይህን በሚቀጥለው ቅዳሜ እያዘኑ ሲነግሩት ቀለሙ ደስታው ከፊቱ እንዳይነበብ ጎንበስ አለ። ወደ ደሴ ሲመለስ ዳገቱ አልታወቀውም። ግማሽ መንገድ ላይ ግን፣ ባይልስ? የሚል ነገር እንደ እሾህ ወጋው፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣለትም።

ኮምቦልቻ ገበያ አፋፍ ላይ በሺር የሚባል ሱቅ ያለው ሰው ነበር። አንድ አስተማሪ አገር ጥሎ ሲሄድ ከነሳጥኑ የተወለትን ወረቀት ሸቀጥ መጠቅለያ አድርጎታል። ከመካከሉ አንዲት ሰማያዊ ልባስ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ለብቻዋ መደርደሪያ ላይ አስቀምጧል፤ የፈጣሪ ስም ባለበት ወረቀት በርበሬ አይጠቀለልም ባይ ነው። መጽሐፏ መጽሐፍ ቅዱስን ለሚጀምሩ ሰዎች በአማርኛ የተዘጋጀች፣ በጥያቄና መልስ የምትሄድ ናት። ከኋላዋ ጥቂት መዝሙሮች ከነትርጉማቸው አሉ። ቀለሙ ለወንድሜ ልጅ ነው ብሎ ወሰዳት። ወንድም የለውም።

ደሴ ሲደርስ ከቤቱ ጓሮ ተቀምጦ በጋቢው ውስጥ ገለጣት። ጥያቄዎቹ ለሕፃን የሚጠየቁ ናቸው። ሰባት ዓመት ያነበበው ሰው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ቆመ። የሰው ኮቴ በሰማ ቁጥር መጽሐፏን ከጭኑ ሥር ይደብቃል። በሦስተኛው ሳምንት ከመዝሙሮቹ ደረሰ፤ የፈለገውንም አገኘ።

ልጄ ስሚ ይላታል፤ እስከዚህ ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወገንሽንና የአባትሽን ቤት እርሺ ይላታል። ከሥሩ መጽሐፏ፣ ይህ ለንጉሥ ስለምትመጣ ሙሽራ የተነገረ ነው ስትል ታስረዳለች። ለሐርቡም ለኮምቦልቻም የተጻፈ አይደለም። በእግዚአብሔር ቃል ውስጥ የራሱን ምኞት አስገብቶ ሰው ከትዳር እንዳስቀረ ያን ጊዜ ገባው። ላብ አጠመቀው።

ቅዳሜ ሲወርድ አስቀድሞ ወደ በሺር ሱቅ ገባ።

«የወንድምህ ልጅ እንዴት ነው? በረታ?» አለው በሺር እየሳቀ።

ቀለሙ መሬት መሬት አየ። በሺር ሳቁን ተወና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እሱም ቁርኣኑን በቃሉ ይዞ ሲያበቃ ትርጉሙን የጀመረው ጢም ካበቀለ በኋላ መሆኑን ነገረው። ሸኻቸው በሰው ፊት ጠይቀውት ዝም ሲል የወረደበት ላብ ዛሬም እንደሚታወቀው አጫወተው።

«አብሽር፣ አይዞህ። አለማወቅህ አይደለም የሚያሳፍረው» አለው። «የቀረውን አንተ ታውቃለህ።»

ቀለሙ ሥርጉትን ግቢው ውስጥ ጆንያ ስታራግፍ አገኛት። ሁሉንም ነገራት፤ አንድም አላስቀረም። ፊቷ ቀስ እያለ ሲጠቁር አየ።

«ለኔ ብቻ መናገርህ ምን ያደርግልኛል?» አለችው። እርስዎ ማለቷ ቀርቶ ነበር። «እኔ የተናገርኩት ሽማግሌ ፊት ነው። አንተም እዚያው ፊት ተናገር።»

በማግሥቱ፣ እሑድ፣ ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። ቀለሙ በመካከላቸው ቆሞ የሚያነበውን ትርጉም እንደማያውቅ፣ አትተዪ ያለውም እሱ እንጂ ዳዊት እንዳልሆነ ተናገረ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ እንየው ከዘራቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ሲያዩት ቆዩ።

«ታዲያ ልጄ፣ ጠበቃ ሆነህ የቆምኸው ለማን ነው? ለዳዊት ወይስ ለራስህ?»

ሌሎቹ በነጠላቸው ሥር ሳቁ። እመት አትጠገብ ግን አልሳቁም።

«ለባሌ የደገምከውስ?» አሉት። «እሱም ውሸት ነው?»

«ንባቡ ልክ ነው እመት። እግዚአብሔር ይሰማዋል። ውሸቱ ከእኔ የወጣው ትርጉም ነው።»

ይህን ሲል ከሁሉ በላይ አፈረ። አቶ እንየው እንግዲህ ነገሩ እንደ አዲስ ይታይ፣ ልጅቱ ትጠየቅ አሉ። ሥርጉት ከእናቷ ኋላ ወጥታ ፊት ለፊት ቆመች።

«አልሄድም ያልኩት እኔ ነኝ። የኔን ቃል ማን ይሰማል ብዬ በዳዊት ተከለልኩ። በላቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔ ግን አልፈልግም። የዋሸ እሱ ብቻ አይደለም።»

አቶ እንየው፣ ይህን ያን ጊዜ ብትነግሪን የሐርቡ ፀሐይ ሁለቴ ባልበላን ብለው ተነሡ። እመት አትጠገብ ቀለሙን ቀና ብለው ሳያዩት፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ አንባቢ እንደሚያስመጡ ነገሩት።

ሥርጉት እስከ አጥሩ በር ተከተለችው።

«የተቆጣሁህ በበላቸው ነገር አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። አሁንም አውቃለሁ ትላለህ። ያዘነችን ነፍስ አይረሳም ብለኸኝ ነበር። እኔ በሱ ነው የሰነበትኩት። እሱም ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው» አለ።

ይቅር በይኝ ለማለት ፊት አጣ። ሥርጉት እጇን ዘረጋች።

«መጽሐፏን ስጠኝ።»

«ፊደል አልቆጠርሽም እኮ።»

«አስተማሪ አላጣም። አንተ ግን አይደለህም።»

ሰጣትና ዳገቱን ባዶ እጁን ወጣ።

ቀለሙ ከዚያ በኋላ ቦሩ ሜዳ አጠገብ ከሚያስተምሩ አንድ አረጋዊ መምህር ዘንድ እየሄደ ከልጆች ጋር ተቀመጠ። ልጆቹ፣ ጢማሙ ተማሪ እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም ይገባኛል ብሎ ቻለው። ወደ ኮምቦልቻ ግን አልወረደም። ሥርጉት ሌላ ሽማግሌ እንደመለሰች ሰማ፤ የሰማውን ለራሱ ሊተረጉም ቃጣውና ተወው።

ዓመት ሊሞላ ሲል በሺር ለንግድ ደሴ ወጣ። እየተነጫነጨ ከኪሱ ሰማያዊዋን መጽሐፍ አወጣ።

«ወላሂ፣ ይህችን ከሰጠሁህ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። ልጅቱ ፊደሉን የሰፈሩ ቄስ ቤት ስትቆጥር ከረመች። ሳትከፍት አድርስልኝ ብላኛለች፤ አልከፈትኩም።»

ቀለሙ ገለጣት። አንድ ገጽ ጫፉ ታጥፏል። ከጥያቄው ጎን፣ አንዱ ከሌላው በማይተካከሉ፣ ወረቀቱን ሊበሱት በደረሱ ፊደላት ተጽፎበታል፦ «ይህ አልገባኝም። አንተስ ገባህ?»

ጥያቄውን አነበበው። መልሱንም አነበበው። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ደገመው። ፊቱ እንደ ወትሮው በእፍረት ጋለ፤ እሱም አልገባውም ነበር።

ጋቢውን አነሣና ይህንኑ ሊነግራት ቁልቁለቱን ወረደ።