ፊት የሌለው ሽፋን

ፊልሞና የተገኘው የመጽሔቱ ቢሮ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነው። የወረቀት መቁረጫው ብረት ከኋላ የራስ ቅሉን ሁለት ቦታ ሰንጥቆታል። ገዳዩ ኮምፒውተሩንም ሰባብሮ ሄዷል።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ኛቡዋይ ሬሳው ሲነሳ ከደረቱ ሥር በደም የራሰ የሽፋን ሙከራ ህትመት አገኘች። ማንም ሳያይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ጋምቤላ ውስጥ የሚታተመውን ይህን መጽሔት የሚያዘጋጁት አራት ሰዎች ነበሩ። ሟቹ ሽፋኑን ያቀናብራል፣ አቻን ፎቶ ታነሳለች፣ ጆን ሥዕል ይሠራል፣ ወንዳፍራሽ ዋና አዘጋጁ ነው። መጪው እትም ስለሚደበደቡ ሴቶች ስለነበር አቻን ሆስፒታል ሄዳ ሰይዳ የምትባል የተደበደበች ሴት ፎቶ አንስታ ነበር። ሰይዳ ማን እንደመታት አልተናገረችም፤ ፎቶው እንዲወጣ ብትፈቅድም ፊቷ እንዳይታይ ፈርታለች።

አቻን ሴትዮዋን አግባብታ ያበጠው ፊት ሽፋኑን ሙሉ እንዲይዝ ትፈልግ ነበር። ጆን አንባቢ ስለሚሸሸው በሥዕል ይሁን አለ። ወንዳፍራሽ ግን ምስል የሚባል ሳይኖር ነጭ ላይ በትልልቅ ጥቁር ፊደል ርዕሱ ብቻ ይጻፍ ብሎ ሙጭጭ አለ።

ኛቡዋይ ሦስቱንም ለየብቻ ጠርታ ፊልሞና የትኛውን መርጦ እንደነበር ጠየቀች። አቻን ፎቶዋን ሙሉውን ያወጣዋል ብላ ታስብ ነበር። ጆን ሥዕሉን ተስፋ አድርጓል። ወንዳፍራሽ ፊልሞና የተገደለ ዕለት አቦቦ ከተማ እንደዋለና ምንም እንዳላየ ተናገረ።

«ለነገሩ» አለ ሲነሳ፣ «አንገት ብቻ የወጣበት መጽሔት ማን ይገዛል?»

ኛቡዋይ ጣቱን አየች። ቀለበት የወለቀበት ቦታ ነጥቶ ነበር።

በማግስቱ ሦስቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጆንን በወንዳፍራሽ ጣት ላይ ሁልጊዜ የሚያየውን ቀለበት እንዲስል ጠየቀችው። እሱም አራት ማዕዘን ሆኖ ጥግና ጥጉ ላይ ነጥብ ያለው ቀለበት ሳለ። ኛቡዋይ ህትመቱን አውጥታ ከሥዕሉ አጠገብ አኖረችው።

«ሙሉው ፎቶ ላይ ዓይን የሚሄደው ወደ ሰይዳ ፊት ነው» አለች። «ፊልሞና ፍርሃቷን አክብሮ ፊቷን ከፎቶው ቆርጦ አወጣው፤ አንገቷን ግን አጎላው። አንገቷን ያነቀው እጅ የቀለበት ምልክት ይኸውና፤ ጆን ከሳለው ጋር አንድ ነው። አቶ ወንዳፍራሽ፣ ይህን ህትመት ከሬሳው ሥር ያነሳሁት እኔ ነኝ። አቦቦ ከዋሉ አንገት ብቻ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«ፊልሞና ደውሎልኝ ነው።»

«የፊልሞና ስልክ እኮ የዚያን ዕለት ቀኑን ሙሉ እኔ ጋ ነበር» አለች አቻን። «የእኔ ስለተበላሸ አውሶኝ።»

«ፊልሞና ቀለበቱን አላወቀውም» አለች ኛቡዋይ። «ቢያውቀው ጀርባውን አይሰጥዎትም ነበር።»

ወንዳፍራሽ ዘሎ ህትመቱን ሊቀድ ሲል ጆን ያዘው። አዘጋጁ ክርኑን ሰንዝሮ የጆንን አፍንጫ ሰበረው፤ ጆን ግን አልለቀቀውም፤ ሁለቱም ወለሉ ላይ ወደቁ። ካቴናው ከገባ በኋላ ወንዳፍራሽ ሰይዳ በድብቅ አብራው የምትኖር ሴት መሆኗን አመነ።

«ደስ ብሎት ነበር ያሳየኝ» አለ ስለ ፊልሞና። «ሥራዬን እይልኝ ብሎ።»

አቻን ወደ ሆስፒታል ሄዳ ሁሉንም ለሰይዳ ነገረቻት። ሰይዳ ፊልሞናን አይታው አታውቅም፤ እናት እንዳለው ጠየቀች። አቻን አዎ አለቻት። ሰይዳ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ያበጠ ፊቷን ገለጠች።

«ካሜራሽን ይዘሻል?» አለች።