ጠጠር ነበር፣ ወጣ

ይስማው ከቀዶ ሕክምና ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ቀፎዎቹ ነበር። በጋዝጊብላ እንደ እሱ ማር የሚቆርጥ የለም። በሚስቱ በታይቱ ጆሮ ግን የሐኪሙ ቃል ቀርቷል፦ «እብጠቱን ከሽንት ፊኛው አውጥተናል። ካንሰር ነው። ተመልሶ እንዳይበቅል በየሳምንቱ ፊኛው ውስጥ መድኃኒት ይጨመርለት።»

ታይቱ ከዚያች ቀን ጀምሮ በልቧ የለቅሶ ድንኳን ተክላለች። የባሏ ወንድም ዘበነ በሆስፒታሉ በር ላይ አስቆማት።

«ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ስም አይነገርም። ጠጠር ነበር፣ ወጣ በይው።»

«መድኃኒቱስ?»

«እንድታገግም ነው በይው።»

እንደተመከረችው ነገረችው። ይስማው ሳቀ።

«ጠጠሩ ከወጣ ምን ቀረኝ? ማሩ ደርሷል። አንቺ ደግሞ ሳይደምን ጎርፍ ይታይሻል!»

አለቀሰች፣ ለመነችው፤ እውነቱን ግን አላወጣችም። ለመድኃኒቱ ሳይሄድ የማሩ ወራት አለፈ።

በጥር አንድ ጠዋት ወንዝ ስትወርድ ይስማው ተቀምጦ ሱሪውን ያጥባል። በትዳር ዘመናቸው ልብስ ሲያጥብ አይታው አታውቅም። ውሃው ቀልቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ። ትደነግጫለሽ ብዬ ነው። የቀረች ጠጠር ትሆናለች።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሁሉን ነገረችው። እሱ ሱሪውን ሲጨምቅ ቆየ።

«ብትነግሪኝ ኖሮ ቀፎውን ለዘበነ ጥዬ እሄድ ነበር» አላት።

ሆስፒታል ሲመለሱ በሽታው የፊኛውን ሥጋ ዘልቆ ነበር። ሐኪሙ ታይቱን ወደ ውጭ ጠራት፤ አልተነሣችም።

«እዚሁ ለእሱ ይንገሩት።»

ሐኪሙም ተናገረ፦ ፊኛው በሙሉ ይወጣል፤ ሽንቱ ሆዱ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል፤ ያም ሆኖ መዳኑ እርግጥ አይደለም።

«ቀፎ ልሰቅል ዛፍ ላይ ያስወጣኛል?» አለ ይስማው።

«አይመስለኝም።»

«ካላወጣችሁትስ?»

«ይሰራጫል።»

ይስማው ከወንዙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቱን ቀና ብሎ አያት። «ይውጣ» አለ።

ወገኖቼ፣ ክፉ ስም ስንደብቅ ለታማሚው የራራን ይመስለናል፤ የምናስታምመው ግን የራሳችንን ፍርሃት ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን መንገድ የሚመርጠው ሕመሙን የተሸከመው ሰው ነው፤ ያላወቀውን ደግሞ ማንም አይመርጥም። ይስማውን የመጀመሪያውን፣ ቀላሉን ምርጫ እኛው ነጠቅነው።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሊያስገቡት ሲሉ የታይቱን እጅ ያዘ።

«አሁንስ የደበቅሽኝ አለ?»

«ፈርቻለሁ። ሌላ የለም።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ» አላት። አልጋው ተገፋ፤ በሩ ተዘጋ።