ጥቁሩ ጭስ

ኢስሀቅ ባሂራን ላግባ ሲል አባቷ ሐጂ ከማሉ አልከለከሉትም፤ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ ግን ከክልከላ የሚሻል አልነበረም። «የጡብ ፋብሪካዬን ከድንጋይ ከሰል አላቅቅልኝ። ጡቤ ዋጋው ሳይጨምር ገበያ ላይ ከቆመ፣ ያኔ ሽማግሌ ላክ» አሉት።

ጊዜው የኮንዶሚኒየም ሥራ የጦፈበት፣ አረንጓዴ ልማት በየስብሰባው የሚወራበት ነበር። ከሚያወሩት መሐል ሥራዬ ብሎ የያዘው ይህ ወጣት መሐንዲስ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «የቡና ገለባ ሲነድ ሰማዩን አይበድልም፤ ቡናው ሲያድግ የወሰደውን ነው የሚመልሰው» እያለ ምድጃውን በገለባ አስነደደ።

በጋውን ሙሉ ጡቡ አማረ፤ ጭሱም ሳሳ። ባሂራ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ያሰጣችው ነጭ ሻሽ የቡታጅራ ፀሐይ ላይ ውሎ ነጭ እንደሆነ ገባ።

«አየሽ? ሻሽሽ እንኳ ሽማግሌ ላክ እያለኝ ነው።»

«ሻሼ እንዳንተ አይቸኩልም» አለችው። ሳቋ ግን አመለጣት።

ክረምት ሲገባ ገለባው ረጠበ፣ እሳቱም ደከመ። የላካቸው ሽማግሌዎች ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ኢስሀቅ ደረቅ ገለባ ፍለጋ ወልቂጤ ሄደ።

«ምድጃው ውስጥ የገባው ጡብ ቢበላሽም ይበላሽ፤ ከሰል እንዳይነካው። አደራ» አላት ባሂራን።

ባሂራ አደራውን መጠበቅ አቃታት። የተበላሸ ጡብ ካዩ አባቷ ለእሱ እንደማይሰጧት አሰበች። ምድጃውን የሚያነድደውን ደበሌን ጠርታ፣ «የተረፈውን ከሰል ጨምርበት፤ ለዚህ ጊዜ ብቻ ነው» አለችው።

ፍቅርና ጉንፋን አይደበቅም ይላሉ፤ የከሰል ጭስን ረስተው ነው። በማግስቱ ከአገና የመጡት ሽማግሌዎች ቡታጅራ መግቢያ ላይ ጥቁሩን ጭስ አዩ። «ልጁ ቃሉን አልጠበቀም፤ በምን አፍ እንጠይቃለን?» ብለው ከመንገድ ተመለሱ።

ኢስሀቅ ገለባ በጫነ መኪና ፋብሪካው በር ላይ ደረሰ።

«ማን ነው ከሰል የጨመረው?»

«እኔ ነኝ። ጡቡ እንዳይበላሽብህ ብዬ።»

ዞሮ የጭነቱን ገመድ መፍታት ጀመረ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ለአባባ ጥፋቱ የኔ ነው እላቸዋለሁ» አለችው።

እንዳለችውም አደረገች። ሐጂ ከማሉ አልጮሁም፤ ሰምተው ሲጨርሱ አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄ፣ አንቺ የምትወጂው ካላመንሽው፣ እኔ በምን ልመነው?»

ባሂራ ከአባቷ ፊት ተነስታ ወደ በሩ ሄደች።

ኢስሀቅ ደረቁን ገለባ በሩ ላይ አራግፎ ላይመለስ ሄደ፤ ገለባውን ከሰዓት በኋላ ዝናብ መታው። ፋብሪካው ወደ ከሰሉ ተመለሰ። ባሂራም ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ ነጭ ነገር አታሰጣም።